የአሮጌው ማግነም ጥፋት አልነበረም

ከእርጥብ ቅጠል ላይ ያነሳኋትን የቀለህ ጉማጅ እያየሁ ስንት ትንፋሽ ቆየሁ? ሁለት ነው? አምስት? ወይስ አሥር? ባሩድ ስመዝን አንዲት ፍሬ ብትበዛ የምመልስ ሰው ነኝ። የጥይት ርዝመት በፀጉር ልክ ሲለያይ ቅር ይለኛል። ይህን ግን እስከ ዛሬ መቁጠር አልቻልኩም። አራት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ ያችን ቦታ እየተመለስኩ እረግጣለሁ፤ አጎነብሳለሁ፣ አነሳለሁ፣ አያለሁ። ቀና ስል ሁልጊዜ ረፍዷል።

እናንተ ልጆች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ተደግፋችሁ ስለ ጠመንጃ ጥይት «አሮጌው ማግነም ይሻላል፣ አዲሱ ይሻላል» ስትባባሉ እሰማለሁ። አንዱ ከዩትዩብ ይጠቅሳል፣ ሌላው ከጠመንጃ ሻጩ። መጨረሻ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ «የጋሼ ወርቁን እግር ያየ ሰው በአሮጌው አይተኩስም» ይላል፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ነጠላዬን አጣጥፌ ወደ መኪናዬ እሄዳለሁ። ዛሬ ግን ልጻፍላችሁ፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ግዙ።

ጋሼ ወርቁን የምታውቋቸው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያስቀድሱ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ግን ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ዳገት ላይ እኔን ጥለውኝ የሚሄዱ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ባሌ ተራራ ላይ የውጭ አገር አዳኞችን እየመሩ ደጋ አጋዘን ያሳድኑ ነበር። በስደት ሱዳንን አቋርጠው እዚህ ባሕር ማዶ ደረሱና ከተማ መሃል የሕንፃ ሴኩሪቲ ሆነው ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ መጀመሪያ ያደረጉት የጠመንጃ ፈቃድ ማውጣት ነው። ባሌ ላይ ፈረንጆቹ ይይዙት የነበረው አሮጌው ሦስት መቶ ማግነም ስለነበር እሳቸውም ያንኑ ያዙ። «ጥይት ማለት ወገቡን የታጠቀ ነው» ይላሉ፤ በቀለሁ ሥር ዙሪያውን የሚዞረውን ቀበቶ ማለታቸው ነው።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ዓመታት ቢሮ ሳጸዳ ኖሬ፣ በአርባ ዓመቴ ተመልሼ የተማርኩ ነኝ። አሁን የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ እደረድራለሁ። የጋሼ ዓይን ደቃቅ ጽሕፈት አላነብ ሲል፣ የጥይት አሞላል መመሪያ በፌስታል ይዘው ሜልተን ሰፈር እኔ ቤት ድረስ መጡ።

«መምሬ አስካለ፣ እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። መምሬ የሚሉኝ ሲያሾፉብኝ ነው።

አነበብኩላቸው። ከዳር እስከ ዳር የጨረስኩት የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እሱ ሆነ። በዓመቱ ጋራዤ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ በአዲስ ባሩድና አረር መልሶ የሚሞላ ማሽን ተከልኩ፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ የራሴን ጠመንጃ ያዝኩ። የእኔ አዲሱ ሦስት መቶ ነው፤ ቀበቶ የለውም። የሁለታችንንም ጥይት የምሞላው ግን እኔ ነበርኩ።

ልዩነቱ ይኸውላችሁ። ሁለቱም የሚተኩሱት አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው አረር ነው። አሮጌው ጠመንጃው ውስጥ ገብቶ የሚቆመው በቀበቶው ተይዞ ነው። ስለዚህ ትከሻው፣ ማለትም ቀለሁ ወደ አፉ የሚጠብበት ቦታ፣ ከፊቱ ክፍተት ቢኖረውም ይተኮሳል፤ ሲተኮስ ግን ቀለሁ ያንን ክፍተት ሊሞላ ይለጠጣል። ሞልቶ መተኮስ በተደጋገመ ቁጥር ይሳሳል፤ የሚሳሳውም ከቀበቶው በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው። አዲሱ ቀበቶውን ጥሎ በትከሻው ይቆማል። ረጅምና ከባድ አረር ይሸከማል፣ ሩቅ ላይ ነፋስ ብዙም አያንገላታውም። ወረቀት ላይ አዲሱ ይበልጣል፤ አልክድም። ጭጋግ ውስጥ በሃምሳ እርምጃ ላይ የቆመ አጋዘን ግን የትኛው እንደመታው አያውቅም። የአሮጌውም ነውር መድኃኒት አለው፤ መድኃኒቱ ቀጭን ሽቦ ነው። የሽቦውን ጫፍ አጥፋችሁ በቀለሁ አፍ ታስገቡና የውስጡን ግድግዳ ከሥር ወደ ላይ ትስባላችሁ። ጎድጎድ ያለ መስመር ላይ ከተያዘ ያ ቀለህ ይጣላል። ሥራው ይኸው ነው። ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይፈልግም።

በዚያ ክረምት አዲስ ቀለህ ጠፍቶ ነበር። ሱቆቹ «ሲመጣ እንደውላለን» ይሉና አይደውሉም። ከአምስት ጊዜ በላይ ሞልቼ የማላውቀውን የጋሼን ቀለህ ለስድስተኛ ጊዜ ልሞላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተቀመጥኩ። ሃያ ነበሩ። አሥራ አንዱን በሽቦ ፈትሼ ሁለቱን ጣልኩ። በያንዳንዱ ትይዩ ደብተሬ ላይ «ተፈትሿል» በሚለው አምድ ምልክት አደረግሁ። አሥራ ሁለተኛውን ሳነሳ ስልኬ ጮኸ። የጎረቤቴ ወንድም አገር ቤት አርፏል፣ መርዶ ልናረዳት ነው፣ ቶሎ ነይ ተባልኩ። መርዶ ይደርሳል ተብሎ አይቆይም፤ እጄን ታጥቤ ወጣሁ። ያች ሴት መሬት ላይ ስትፈራገጥ ይዤ ውዬ ስመለስ ራሴ ዞሮ ነበር። ጠረጴዛውን ሳነሳሳ የተፈተሸውንም ያልተፈተሸውንም አንድ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። አምዱ ግማሽ ባዶ መሆኑ ዓይኔን ቆረቆረኝ፤ እስከ ሃያ ምልክት አድርጌ ሞላሁት። ነገ እመለስበታለሁ ብዬ ነው። በነጋታው ስመለስ አምዱ ሙሉ ነበር፤ እኔም ባሩዱን ጨመርኩ።

ስንሄድ የሐምሌ መጨረሻ ሆነ። የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ ሳይገባ ያሉት ጥቂት ሳምንታት የእኛ የአደን ወራት ናቸው፤ እዚህ ደግሞ ብርዱ የሚጠናበት ወቅት ነው። የጋሼ ልጅ ዳኒ አብሮን ሊመጣ አስቦ ሺፍት ተጠራና ቀረ። ሁለታችን ብቻ ከሜልተን ተነስተን ከተማውን ሰንጥቀን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጊፕስላንድ ተራሮች ነዳን። በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ወንዝ ዳር በጭጋግ ውስጥ እንሄድ ነበር። ጭጋጉ ከዛፎቹ ላይ ይንጠባጠባል፤ ፈርን የሚባሉ ሰው የሚያህሉ ቅጠላ ቅጠሎች ሱሪያችንን እስከ ጭን አርሰውታል። እሾኹም አለ። ነፋሱ ግን ጥሩ ነበር፤ ከሸለቆው ወደ ፊታችን ይነፍሳል።

ሳምባር የሚባለውን አጋዘን ያላየ ሰው ፈረስ ያስብ፤ ፈረስ ቀንድ አውጥቶ፣ ጠቁሮ፣ እንደ ድመት ድምፅ ሳያሰማ ሲሄድ። ጋሼ ዱካውን ያገኙት ጭቃ ከሚታጠብበት ኩሬ አጠገብ ነው። ተንበርክከው ጣታቸውን ዱካው ውስጥ ከተቱ።

«ውኃው ገና አልጠራም» አሉ በሹክሹክታ። «አሁን፣ አሁን ነው ያለፈው። አውራ ነው። እዪው እንዴት እንደሰመጠ።»

«ከነፋስ በታች እንውረድ ጋሼ?»

«አንቺ ውረጂ። ያችን ሩቅ አሳቢ ጥይትሽን ይዘሽ ሩቅ ሂጂ።»

«የእርስዎ ደግሞ መቀነቷን የማትፈታ አሮጊት ናት» አልኳቸው። አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ከዚያ ወዲህ አልሰማኋቸውም።

አልተለያየንም። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድን ጋሼ እጃቸውን ከኋላ ዘርግተው አስቆሙኝ። ጭጋጉ ውስጥ የዛፍ ግንድ የመሰለኝ ነገር ጆሮውን አዞረ። ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ጋሼ ግንድ ተደግፈው ተኮሱ።

ተኩሱ የተለመደው ድምፅ አልነበረውም፤ ከባሩዱ ጩኸት ሥር ፊሽ የሚል ነገር ሰማሁ። አጋዘኑ በጉልበቱ ወደቀና በጎኑ ፈርኑ ውስጥ ተጋደመ። ጋሼ ዓይናቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ መቀርቀሪያውን ስበው መልሰው ሊያቀባብሉ ገፉት። አልሄደም።

«ነከሰብኝ» አሉ። «ጭስ ዓይኔ ገባ፣ ደግሞ ነከሰብኝ።»

አንድ ጊዜ በመዳፋቸው መቱት። ከዚያ የአጋዘኑን ሆድ ሲነሳና ሲወርድ አዩ። እዚህ አገር ያሉ አዳኞች የወደቀ አውሬ ሳይነኩ ሩብ ሰዓት ይቀመጣሉ። እኛ መቀመጥ የለንም፤ ትንፋሹ ሳይወጣ «በስመ አብ» ተብሎ ካልታረደ በክት ነው፤ አይበላም። ጋሼ ጠመንጃውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ቢላዋቸውን መዘዙ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቆዩ።»

«ቆሜ በክት ሲሆን ልይ? ሸፍኚኝ አንቺ!»

ሄዱ። እኔ ጠመንጃዬን አነሳሁ። መሸፈን ማለት አፈሙዙን አውሬው ላይ አድርጎ ዓይንን አለመንቀል ነው፤ ይህንን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ከጠመንጃቸው የወጣችው ቀለህ እግሬ ሥር ወድቃ ስታበራ አየሁ። ቀለህ ጫካ ጥዬ ሄጄ አላውቅም። ያ ሁሉ ዓመት ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ አጎንብሻለሁ፤ እጄ ሳያማክረኝ ነው የሚሄደው። አጎነበስኩ።

ሙሉ ቀለህ አልነበረችም። የታችኛው ጉማጅ ብቻ ነበረች፤ እንደ ጠርሙስ ቆርኪ ያጠረች፣ ከቀበቶው በላይ ዙሪያዋን የተቆረጠች። ከንፈሯ እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ ያበራል። የቀረው አካሏ ጋሼ ጠመንጃ ውስጥ ተጣብቋል ማለት ነው፤ ጠመንጃው አይተኩስም ማለት ነው። የማን ሥራ እንደሆነ ለማወቅ ደብተር መግለጥ አላስፈለገኝም። ያ አምድ ዓይኔ ላይ መጣ። ፊቴ ጋለ። ማንም ሳያየኝ፣ ጫካ መሃል፣ እንደ ሌባ አፈርኩ። ቀና ብዬ «ጋሼ፣ ይመለሱ፣ ጠመንጃዎ ሞቷል» ማለት ነበረብኝ። እኔ ጉማጇን አገላብጬ አየኋት፤ ከዚያ ኪሴ ከተትኳት። መጀመሪያ ደበቅኳት፣ ከዚያ ነው ቀና ያልኩት።

እርጥብ ቅርንጫፍ ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። አጋዘኑ ቆሟል። ጋሼ ከፊቱ አምስት እርምጃ ላይ ቢላዋ ይዘው፣ እኔና እሱ መካከል ናቸው። «በስመ አብ» ማለት ጀምረው ነበር፤ «ወወልድ» ላይ አልደረሱም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ገባባቸው። ቀንዱ ከጉልበታቸው በላይ በውስጥ በኩል ገባና አነሳቸው። ሰው እንደዚያ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። ወደ ግራ ሮጥኩ፤ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ኩሬው ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ። ከዚያው ሆኜ አንገቱ ሥር ተኮስኩ። በእሳቸው ላይ ወደቀ።

ከሥሩ እንዴት እንዳወጣኋቸው አላስታውስም። ደሙ የሚመጣው በግፊት በግፊት ነበር፤ ደማቅ፣ ትኩስ። የጠመንጃዬን ማንገቻ ፈትቼ ጭናቸውን ከቁስሉ በላይ አሰርኩ፤ እንጨት አስገብቼ ደሙ እስኪቆም አጠነከርኩ። ስልክ እዚያ አይሠራም፤ የአደጋ ጥሪ የምታስተላልፈውን ቢኮን ጫንኩ። ሄሊኮፕተሩ መጣ፤ ድምፁን ከጭጋጉ በላይ ሰማነው፤ ተመለሰ። ጭጋጉ እስኪገለጥ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ያሰርኩትን እንዳልፈታ አውቃለሁ፤ ብፈታ ይሞታሉ። እግሩ ከሥሩ ሲጠቁር አያለሁ።

ጋሼ ከንፈራቸው ነጥቶ እንኳ ይጠይቃሉ።

«ሞተ?»

«ሞቷል።»

«ሳይባረክ።»

«ሳይባረክ።»

«በክት ሆነ በይኛ» አሉ። ከሥጋው ጋር አብረው የሞቱ መሰለኝ። ከዚያ፣ «መቀርቀሪያው ለምን ነከሰ ግን?»

ጉማጇ ኪሴ ውስጥ ጭኔን ትወጋኛለች።

«አሮጌ ነው ጋሼ» አልኩ። «እነዚህ ባለ ቀበቶዎቹ ይለጠጣሉ። ጠባያቸው ነው። መጽሐፉም ይለዋል።»

እውነቱን ነው፣ መጽሐፉ ይለዋል። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ያለ ውሸት አልዋሸሁም፤ አንዲት ስሕተት የሌለባት ውሸት።

እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ጠመንጃ ሠሪው የተጣበቀውን የቀለህ አካል ሲያወጣ ሰዉ ሁሉ የእኔን ቃል ደገመ፤ «አሮጌ ነው፣ ባለ ቀበቶው ይለጠጣል» እያለ። አዳነቻቸው የምባለው እኔ ሆንኩ፤ አዳናቸው የሚባለው ደግሞ አዲሱ ጥይት። ከእናንተ መካከል ሁለቱ ያንን ሰምተው ጠመንጃ እንደቀየሩ አውቃለሁ። አዲሱን ሞልታችሁ ሳትፈትሹ እንደምትተኩሱም አውቃለሁ፤ እሱ አይክድም ተብላችኋላ። የእናንተም ቀለህ ይሳሳል፤ ቀበቶ የለውም ማለት አይበጠስም ማለት አይደለም።

አሁን ስሞላ ስልክ ከጋራዥ ውጭ ይቀመጣል። አንድ ሰው በር ካንኳኳ፣ የፈተሽኩትንም ያልፈተሽኩትንም ገልብጬ ከአንድ እጀምራለሁ። ጫካ ውስጥ የወደቀ ቀለህ አላነሳም፤ የአውሬውን ዓይን በእንጨት ነክቼ አለመርገብገቡን ካየሁ በኋላ ካልሆነ። እነዚህ የእጅ ልማዶች ናቸው፤ ማንም ይለምዳቸዋል። የከበደኝ ሌላው ነው። ከደብተሬ ያንን ገጽ አልቀደድኩትም። ሃያ ምልክቶች፣ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም በእኔ እጅ። አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው መካከል ምንም ልዩነት አይታይም። እንዲያ አሳምሬ ነው የጻፍኩት።

እውነቱን የተናገርኩት ባለፈው ጥቅምት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ኬንሲንግተን ጋሼ ቤት ሄጄ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ በሩን ከፍተው ሳልቀመጥ ነገሩኝ፤ ዳኒ ጠመንጃውን ለፖሊስ ሊያስረክበው ይዞት ወጥቷል፣ ይሰባበራል።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አሉ ጋሼ ከሶፋው ላይ። «እግሬን የበላ ብረት ለሌላ ሰው አይሰጥም። ይቀጥቅጡት።»

ያ ጠመንጃ ምንም አላደረገም። ከባሌው የወጣትነት ዕድሜያቸው የቀረላቸው መታሰቢያ እሱ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ሲረግሙት ሰምቻለሁ። ቆሜ ተናገርኩ። አሥራ አንዱን፣ መርዶውን፣ ምልክቱን። ሸፍኚኝ ሲሉኝ ያየሁት አጋዘኑን እንዳልነበረ። ኪሴን። እትዬ ጥሩነሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሼ የጠፋውን ቴሌቪዥን ያያሉ።

«ከዚያ ሣጥን ለሌላ ሰው ሰጥተሻል?» አሉኝ።

«አልሰጠሁም ጋሼ። የቀሩትን በማግስቱ አንድ በአንድ ፈታኋቸው።»

«በማግስቱ።»

«አዎ።»

«በማግስቱ እኔ ኦፕሬሽን ላይ ነበርኩ።»

«አዎ ጋሼ።»

«እግሬን ሲቆርጡ አንቺ ጥይት ትፈቺ ነበር።»

«ሆስፒታል አጠገቤ ተቀምጣ አልነበር እንዴ!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «እጄን ይዛኝ!»

«ከሰዓት ነው የመጣሁት እትዬ» አልኩ። «ጠዋት ጋራዥ ነበርኩ።»

ጋሼ እንዲቆጡኝ ጠበቅሁ። እንዲያባርሩኝም ጠበቅሁ። ስልካቸውን ከትራሱ ሥር አወጡና ደወሉ፤ የዳኒ ድምፅ ከመኪና ውስጥ ጮኾ መጣ፤ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል።

«ሄይ ዳድ፣ አይም ኦልሞስት ዜር።»

«አትግባ።»

«ዋት?»

«መኪናውን አቁም። ጠመንጃውን እንዳታስረክብ።»

«ዋይ? ዳድ፣ ዩ ቶልድ ሚ…»

«አስካለ የምትነግርህ አላት» አሉ። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ዓይኔን ግን አላዩም። «በእንግሊዝኛ ንገሪው፣ በደንብ እንዲገባው። አንዲት ነገር ሳትዘዪ።»

ተቀብዬ ነገርኩት።